ሰጠው፣ ሰጣት፣ ሰጠችው

ገደብ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፎቶ አንሺው ዚያድ፣
ዲላ

እንደምን ከርመሃል? ሳላውቅህ ስለ ጤናህ መጠየቄ አይግረምህ። ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጀመር ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደመግባት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና አይደለችም ብለህ ለአገር ሁሉ ከማውራትህ በቀር ምንም አልሆንኩም።

በተራ አስከባሪው በባልቻ በኩል የላክኸው ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። «ፎቶው ላይ ያሉት እናት እርስዎ ከሆኑ ምን እንዳስቀየመዎት ደውለው ይንገሩኝ» ትላለህ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ተናኘወርቅ እባላለሁ። ገደብ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። በስልክ ግን አልነግርህም። በስልክ የተባለ ነገር እዚያው ይቀራል፤ እኔ የምፈልገው ለልጄ የማሳየው ወረቀት ነው።

ሰዎች እንደነገሩኝ ፎቶው እንዲህ ነው። መነኸሪያው ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ከአንዲት አሮጊት ፊት ለፊት ቆሟል። አሮጊቷ እኔ ነኝ፤ የላስቲክ ጫማ አድርጌ፣ የቀሚሴ ጠርዝ ጭቃ ጠጥቶ፣ እየተንቀጠቀጥኩ። በመካከላችን በአራት እጅ የተያዘ ጋቢ አለ። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ጽፈሃል፦ «ደግነት አልሞተም! ይህ ወንድማችን በብርድ ለምትንቀጠቀጥ ምስኪን እናት ጋቢውን አውልቆ ሲሰጣት።» ጎረቤቴ ሚስራ ሱቋን ትታ መጥታ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ።

ስህተቱ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። «ሲሰጣት» አይደለም፤ «ስትሰጠው» ነው። ጋቢውን የፈተልኩት እኔ፣ የለበስኩት እኔ፣ አውልቄ የሰጠሁትም እኔ። የላስቲክ ጫማ ማድረጌ ምስኪን ካሰኘኝ በመጋቢት ጭቃ ገደብን የረገጠ ሁሉ ምስኪን ነው። የቆዳ ጫማ አድርጎ የሚመጣው እንደ አንተ ያለ እንግዳ ብቻ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቄ እተወው ነበር። አላበቃም። ያስተማርኳቸው ልጆች «መምህራችን ለልመና ወጣች» ብለው ከየአገሩ ጋቢ ይልኩልኛል፤ እስከ ትናንት ሰባት ደርሷል። አዲስ አበባ የምትኖረው አንዲት ልጄ ጽጌማርያም ደግሞ ከሥራ ባልደረባዋ ስልክ ላይ አየችኝ። «የዚህች እናት ልጆች ሰው ናቸው?» ብሎ የጻፈውን ሁሉ አነበበች። ደውላ አለቀሰች። ሰጪዋ እኔ ነኝ ብላት «እማዬ፣ ከእኔ አትደብቂ» አለችኝ። በሰኔ መጨረሻ ፈቃድ ወስዳ፣ መኪና ተከራይታ ልትወስደኝ ቆርጣለች። ቤቱም ይሸጣል አለች። ጓሮ እንሰት የተከልኩበትን፣ ባለቤቴን የቀበርኩበትን አገር ትቼ አራተኛ ፎቅ ላይ ልቀመጥ ነው።

ስለዚህ ልጄ ሳትመጣ ያቺን ቃል አስተካክልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ተናኘወርቅ

ሌላም አለኝ። ፊደልህ ደቃቃ ነው። ለመምህር ሲጻፍ ትልልቅ ተደርጎ፣ በወፍራም እስክሪብቶ ነው።


ዲላ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት ተናኘወርቅ

እንዴት ሰላም ልበልዎት እያልኩ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። እንደ ቤተሰቤ ወግ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ብያለሁ። ወፍራም እስክሪብቶም ገዝቻለሁ፤ ይኸው።

በማግስቱ ባስከተሉት ወረቀት ሁለት ነገር ጠይቀውኛል። የት ቆሜ እንዳነሳሁዎትና ማንን ጠይቄ እንደጻፍኩ።

የቆምኩት ከመንገዱ ማዶ፣ ሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ነው። ሌንሴ ረጅም ነው፤ ከዚያ ሆኜ የሰው ሽፋሽፍት ይታየኛል። አላስፈቀድኩዎትም። እኔ የምውለው በአጎቴ ፎቶ ቤት ነው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ሰው ሁሉ ፊቴ ተቀምጦ አገጩን አቅንቶ ትንፋሹን ይይዛል። ያ ሰለቸኝ። ሰው ሳያውቅ ደግ ሲሠራ አንስቼ የምለጥፍበት ፔጅ የከፈትኩት ለዚያ ነው። አስፈቅጄ ባነሳ ሰው ነጠላውን ያስተካክላል፣ ነገሩ ይበላሻል እል ነበር። አሁን ሳስበው ይበላሻል ያልኩት የእኔን ነገር ነው።

የጠየቅኩት ባልቻን ነው። «ምን ተፈጠረ?» አልኩት። «ጋቢ ሰጠው» አለኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው። እኔ ግን ያየሁት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነው። «ሰጠው» አማርኛው ተበላሽቶበት ነው፣ «ሰጣት» ሊል ፈልጎ ነው ብዬ በልቤ አረምኩት። ማን ለማን እንደሰጠ ከልብሳችሁ አወቅኩ። ሁለተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ አልቆምኩም፤ የዲላ መኪና ሊሄድብኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ማስተካከያ ለጥፌያለሁ። እውነቱን ልንገርዎት። ፎቶውን አርባ ሺህ ሰው ሼር አድርጎታል። ማስተካከያውን ላይክ ያደረጉት ሠላሳ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ አጎቴ ነው። የመጀመሪያውን ባጠፋው እንኳ የወሰዱት ሰዎች ጋ ይኖራል።

ልጅዎን የሚያሳምን ሌላ ነገር እየፈለግኩ ነው። ለመሆኑ ሰውዬው ማን ነበር? ምን ሆኖ ነው ጋቢ የሰጡት? እርስዎስ በዚያ ዝናብ መነኸሪያ ምን ይሠሩ ነበር?

ዚያድ


ገደብ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዚያድ፣

ሰላምህ ይብዛ። አጎትህንም ሰላም በልልኝ፤ ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ ስለሆነ ባለውለታዬ ነው።

ደብዳቤህን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩና መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። የሳቅኩት በባልቻ ነው። የተናደድኩት በአንተ ነው። እስቲ ወደ ሰሌዳው ና።

«ሰጠው» በምትለው ቃል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ሰጪ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ተቀባይ። ባልቻ ተቀባዩን በትክክል ነግሮሃል፤ «ው» ብሏል፤ ወንድ ነው። የጎደለችው «ች» ብቻ ናት። «ሰጠችው» ሊል ነው። አንተ ግን ትክክል የሆነውን ነቅለህ ስህተቱን ተከልከው። እንዲህ ያለ እርማት ሳስተምር አንድም ቀን አላየሁም።

ባልቻ ተማሪዬ ነበር። «ች»ን አራተኛ ክፍል ላይ ዋጣት፣ እስከ ዛሬ አልወጣችም። እናቱም «መጣ» ናት፣ ሚስቱም «ሄደ» ናት። ግን እንዳትስቅበት። እሱ በጌዴኦኛውና በኦሮምኛው ላይ የእኔን ቋንቋ ጨመረ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን እዚሁ ኖሬ በጌዴኦኛ ከሰላምታና ከገበያ አልዘለልኩም። የፎቶውን ነገር ሲሰማ መጥቶ «ቲቸር፣ እኔ ነው ያበላሸ» ብሎ በሬ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ማስተካከያህ አልሠራም። ሚስራ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ «ድሃ ሲያፍር እንዲህ ነው» ብለዋል። ጋቢው ዐሥራ አንድ ገባ። ለጽጌማርያም ደውዬ ማስተካከያውን በቃሌ ነገርኳት። እስከ መጨረሻ ሰምታኝ «እሱን ተይውና እውነቱን ንገሪኝ» አለች። በቃ፣ አላመነችኝም። የወለድኳት ልጅ ከእናቷ ቃል ይልቅ ፎቶ ታምናለች። ይህ ከሁሉም በላይ አንገበገበኝ።

ሰውዬውን አላውቀውም። ስሙንም አልጠየቅኩትም። ምን እንደገጠመው ግን አውቃለሁ፤ አልነግርህም። የእኔ ወሬ አይደለም።

እኔ ምን እሠራ እንደነበር ጠይቀሃል። ሰው መነኸሪያ ምን ይሠራል? መኪና ይጠብቃል። ይህ ጥያቄ እዚህ ላይ አበቃ።

ተናኘወርቅ


ዲላ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ መምህርት፣

ጤናዎት እንዴት ነው? ሰውዬውን «እንዳትፈልገው» ብለው የጻፉልኝ ወረቀት የደረሰኝ ፈልጌ አግኝቼው ከተመለስኩ በኋላ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቅርታ መጠየቅ ሥራዬ ሆኗል።

ፔጄን ከሚከታተሉት አንዱ ነው የነገረኝ። ሰውዬው ተክለብርሃን ይባላል። ይርጋጨፌ ቆርቆሮና ሚስማር፣ ቀለምም ይሸጣል። ስገባ ጥቁር ለብሶ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነበር። ጢሙ አድጓል። ስሜን ስነግረው አልተቆጣም።

«ፎቶ አንሺው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ከየት ሆነህ ነው ያየኸኝ? እኔኮ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።»

«ከመንገዱ ማዶ» አልኩት። ወንበር አቀረበልኝና እየቆራረጠ ነገረኝ። የዚያን ዕለት ለሥራ ገደብ ወርዶ ነበር። እናቱ ሌሊቱን አርፈዋል። ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩት ይርጋጨፌ ቤቱ ተልከው ነበር፤ እሱ ግን ማልዶ ወጥቷል። ታናሽ እህቱ የተነገረው መስሏት ደወለች። «ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የት ደረስክ?» አለችው። እሱም «የማን ቀብር?» አላት።

«ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አንዲት እናት ጋቢያቸውን ከራሴ በላይ ሲዘረጉት ነው» አለኝ። «‹አልቅስ ልጄ፣ አልቅስ፤ ሰው አያይህም› ይሉኛል። እኔም ጋቢውን ከእሳቸው ጋር ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።»

መምህርት፣ ይህን ሲነግረኝ ካሜራዬ ጭኔ ላይ ነበር። ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩት።

ጋቢው ለብርድ መስሎኝ ነበር። ለካ እርስዎ ሰውየውን ከዓይን ሲጋርዱት ነው እኔ ያነሳሁት። በእናቱ ሠልስት ቀን ድንኳን ውስጥ ሰዎች ስልካቸውን እያሳዩ «ለምስኪን ጋቢህን ሰጠህ፣ እናትህ መርቃህ ነው የሄደችው» እያሉ ትከሻውን መቱት። «ተቀባዩ እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ያን ካልኩ የተረዳሁት መንገድ ላይ በስልክ መሆኑ ይወጣል» አለ። ዘመዶቹ እስካሁን አያውቁም። ካወቁ እህቱን «በመንገድ መርዶ ጥላ ወንድሟን ልትገድለው ነበር» ይሏታል። እሷ አሁንም ቢሆን ፊቱን ማየት አቅቷታል።

ስለ እርስዎና ስለ ቤትዎ ነገርኩት። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በመጨረሻ «እኚያ እናት በእኔ ምክንያት ከቤታቸው አይውጡ። እሳቸው ጻፍ ካሉህ ስሜንም ጠርተህ ሁሉንም ጻፍ» አለኝ።

ጽፌዋለሁ። አልለጠፍኩትም። ይህ ከወጣ ጽጌማርያም ታምናለች፤ አርባ ሺሁም ያምናል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመለጠፌ በፊት ሰው እያስፈቀድኩ ነው። ልለጥፈው?

ዚያድ


ገደብ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትለጥፈው።

ዛሬ ሰላምታ የለም፤ ተቆጥቼ ስለምጽፍ ይለፈኝ። «ሰው አያይህም» ያልኩትን ልጅ እኔው ራሴ ገልጬ ለአርባ ሺህ ሰው ላሳየው? ፈቀደልኝ ትለኛለህ። ምን ይበል? ሐዘን ላይ ያለ ሰው ውለታ ሲጠየቅ እንቢ ማለት ይችላል? ያቺ እህቱስ ፈቅዳለች? እሷን ማን ጠየቃት?

አንድ ነገር ልንገርህና ይብቃን። እኔ ያን ቀን ሱፉን አላየሁም። ያየሁት ሀብታምም ድሃም አይደለም፤ ሰው ሲያለቅስ ሰምቼ ነው ወደ ድምፁ የሄድኩት። አይቼው ቢሆን ምናልባት አፍሬ እተወው ነበር። ባለ ሱፍ ሰው አሮጊት መጥታ ጋቢ ልታከናንበው ትፈልጋለች?

ቤቴን እወደዋለሁ ዚያድ። እፈራለሁም። በሌላ ቤት በየት በኩል በር እንዳለ ለማወቅ ዕድሜ የለኝም። ጽጌ መጥታ ዕቃዬን ስትጭን እያሰብኩ አንዳንዴ ራሴን ያዞረኛል። ቢሆንም በሰው ለቅሶ ቤቴን አላስመልስም። የጻፍከውን ቅደደው።

ለተክለብርሃን ነፍስ ይማር በልልኝ። ጋቢውን እንዳይመልስ፤ አሁን ዐሥራ አራት አለኝ።

መስመሬ ለምን ወደ ላይ እንደሚወጣ በጠርዙ ላይ ጠይቀሃል። ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጭር ነው።

ተናኘወርቅ


ዲላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ መምህርት፣

ቁጣዎ በርዶልኝ ከሆነ እንደምን አሉ? ከሆነም ካልሆነም እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

የጻፍኩትን ቀድጃለሁ። ፎቶውንም ከፔጁ አንስቻለሁ። እዚህ ዲላ የፎቶ ዐውደ ርዕይ የሚያዘጋጁ ሰዎች ግድግዳ የሚያክል አድርገው ሊሰቅሉት ጠይቀውኝ ነበር። በሕይወቴ ሥራዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። አይሆንም አልኳቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «የእኔ ወሬ አይደለም» አልኩ። የማን ንግግር እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

አሁን አስፈቅጄ ነው የማነሳው። ብዙዎቹ አይሆንም ይላሉ፤ አመስግኜ አልፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙዝ ሻጭ «ቆይ ፊቴን ልታጠብ» ብላኝ ሄደች። ሩብ ሰዓት ቆሜ ጠበቅኳት። ፎቶው ላይ ደግነት የሚባል ነገር የለም፤ ፊቷን የታጠበች ሴት ብቻ ናት። ሳየው ደስ ይለኛል።

አሁን የሚያስቆጣዎትን ልናገር። ጠረጴዛዎ እግሩ አጭር አይደለም። ሰኞ ለሠርግ ሥራ ገደብ መጥቼ ነበር። ቤትዎ አልመጣሁም፤ አልጠሩኝምና። ባልቻን ግን አገኘሁት። ያን ዕለት ምን እንደሆነ እንደገና እንዲነግረኝ ለመንኩት።

«ቲቸር ዲላ ሊሄድ ነበር። ዓይን ሐኪም ጋ። ያ ሰውዬ ሲያለቅስ ትቶት አልሄደም። መኪና ጥሎት ሄደ» አለኝ።

በዚህኛው ጊዜ አላረምኩትም። «ማን ማንን?» እያልኩ ቃል በቃል ጠየቅኩት፤ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። እርስዎ ዓይንዎን ሊታዩ ነበር። ተክለብርሃንን ትተው መሄድ አቃተዎት። መኪናው ጥሎዎት ሄደ። ከዚያ ወዲህም አልሄዱም።

እኔ የምኖረው በዓይን ነው፤ ማወቅ ነበረብኝ። ፊደልህ ደቃቃ ነው ሲሉኝ፣ ሚስራ አነበበችልኝ ሲሉኝ፣ ሱፉን አላየሁም ሲሉኝ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ መስመር ከወረቀቱ ወጥቶ ነው ያለቀው።

ጽጌማርያም ታውቃለች? ፔጄ ላይ «እናቴን አንተ ነህ ወይ ያነሳኻት፣ የትኛው ቀን ነው?» ብላ ጽፋልኝ ነበር፤ ስልኳ አለኝ። ግን ሳያውቁ አልነግራትም። ያንን አንዴ አድርጌዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ዋናው ፎቶ ካሜራዬ ውስጥ አለ። ከፔጁ ቢጠፋም እዚያ አለ። ላጥፋው? እርስዎ የፈረዱት ይሁን።

ዚያድ


ገደብ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዚያድ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ሳልመልስልህ የቆየሁት ስለተቀየምኩ አይደለም። አንዱን ነገር ሳልጨርስ ሌላውን መጻፍ አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር ከሥሩ ማስመሪያ አስቀምጬ ነው፤ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። አሁን ከአንተ የምደብቀው ነገር የለም።

ጽጌ ቅዳሜ መጣች። እኔ ከማለዳው ጀምሬ ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት። ደብዳቤዎችህን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደርኩ፤ የተክለብርሃንን ጉዳይ የያዘውንና የመጨረሻውን ብቻ ፍራሽ ሥር ከተትኳቸው። ልብሴን ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ችሎት እንደምቀርብ ሰው ወንበር ላይ ቀጥ አልኩ። ገብታ ስማኝ ሳትቀመጥ «እዪ፣ አንብቢ፤ ሰጪዋ እኔ ነኝ። ሰውዬው ራሱ ይመሰክራል» አልኳት።

«ማን ነው ሰውዬው?»

«አልነግርሽም።»

«ለምን?»

«የእኔ ወሬ አይደለም።»

ወረቀቶቹን አንድም አልነካቻቸውም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦

«እማዬ፣ ማን ለማን እንደሰጠ ምን አገባኝ? ለመነች ብዬ አምኜ መሰለሽ የመጣሁት? አንቺን አላውቅሽም? ዝናብ ላይ ያለ ጋቢ ቆመሽ ትንቀጠቀጪ ነበር። ልጁን ቀኑን ጠየቅኩት፤ ማክሰኞ ነው አለኝ። ማክሰኞ ማታ ደውዬ ‹ምን ዋልሽ?› ስልሽ ‹ቤቴ ጥጥ ስፈትል ዋልኩ፣ ምንም አልሆንኩም› አልሽኝ። እኔ ከፎቶው ያወቅኩት እንደምትዋሽኝ ነው። ሌላስ ምን ዋሽተሽኛል? ሦስት ወር ሙሉ እውነቱን ንገሪኝ እልሻለሁ፣ አንቺ ስለ ጋቢ ታወሪልኛለሽ!»

ዚያድ፣ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዋስው አስተምሬ የልጄን አማርኛ አልሰማሁም። «ከእኔ አትደብቂ» ስትለኝ ልመናሽን አትደብቂ ማለቷ መሰለኝ። አንተ ልብሴን አይተህ ፈረድክብኝ፤ እኔ በስልክ ለቅሶዋን ሰምቼ በእናቷ አፈረች ብዬ ፈረድኩባት። ልጄ ግን በርዶኝ እንደሆነ ነበር የምትጠይቀኝ።

ያኔ ነገርኳት። የግራው ዓይኔ ከሞላ ጎደል ከሄደ ዓመት ሊሆነው ነው። የቀኙ ደግሞ ጉም እንደለበሰ ነው። ጉዳዩ የዓይን ሞራ እንደሆነ ገምቻለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም ነበር። ከነገርኳት ከቤቴ ታወጣኛለች ብዬ ፈራሁ። ያን ማክሰኞ ሳታውቅ ሄጄ፣ ሳታውቅ ድኜ ልመለስ ነበር። እሱም መኪናው ጥሎኝ ሲሄድ ቀረ። ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ዓይኔን በሁለት አውራ ጣቶቿ ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ሕፃን ሳለች ጉድፍ ሲገባባት እኔ እንደማደርግላት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ሚስራ ለቅሶ ሰምታ የሞተ ሰው ያለ መስሏት እየሮጠች መጣች።

ሰኞ ዲላ ወርደን ታየሁ። ፎቶ ቤትህን በመኪና አለፍነው፤ ጽጌ አሳየችኝ፣ እኔ ግን አላየሁትም። ሐኪሙ የቀኙ ይገፈፋል፣ ይድናል አለ። የግራው ቆይቷል፣ ቃል አልገባልሽም አለኝ። የእውነቱን ስለነገረኝ ወደድኩት። ቤቱ አይሸጥም። ከጽጌ ጋር አዲስ አበባ ሄጄ እገፈፋለሁ፣ እዚያው አገግሜ ለመስቀል እመለሳለሁ። እሷም በየሁለት ወሩ ልትመጣ ቃል ገብታለች፤ እኔም የበረደኝ ቀን በርዶኛል ልላት ቃል ገብቻለሁ። የእኔ ቃል ሳይከብድ አልቀረም። ነገ እንነሳለን። ጋቢዎቹን ዛሬ ባልቻ ለሚያስፈልጋቸው አከፋፈለልኝ። ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም።

ፎቶውን ላጥፋው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አታጥፋው። ለማኝ ከተባልኩ አይቀር አሁን የእውነት ልለምንህ ነው።

እኔ ያንን ፎቶ አይቼው አላውቅም። አርባ ሺህ ሰው አይቶታል፤ እኔ አላየሁትም። ሚስራ ስልኳን ዓይኔ ሥር ስታስጠጋው የታየኝ አንድ ነጭ ነገር ብቻ ነው። እሱም ጋቢው ይሁን ዝናቡ አልለየሁትም። ሦስት ወር ሙሉ የተጣላሁት ሰው ከነገረኝ ፎቶ ጋር ነው።

ዓይኔ ሲገለጥ አንድ ብቻ እጠብልኝ፤ ትልቅ አድርገህ። ራሴን ለማየት አይደለም። ማየት የምፈልገው የዚያን ልጅ ፊት ነው። እስከ ዛሬ የማውቀው ለቅሶውን ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ቢያልፈኝ እንኳ አልለየውም።

ግን አስቀድመህ ይርጋጨፌ ውረድና እሱን አስፈቅድልኝ። አይሆንም ካለህ አይሆንም ነው፤ ያኔ አጥፋው።

እናትህ ተናኘወርቅ